ዘጌ ተወልጄ የቡና ችግኝ ገዛሁ

ሲያትል፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ስልኩ እንደ ልብ አልገባ ስላለኝ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሳገኝ እንደ ጥንቱ በወረቀት ልጻፍ አልሁ። እታለም ቅዳሜ ከባሕር ዳር በጀልባ ስትመጣ ታነብልሻለች። እታለም፣ አደራሽን፤ «ይህን ዝለይው» ያልሁሽን ዝለይው፤ ሌላውን ግን ከራስሽ ሳትጨምሪ አንብቢ።

እማዬ፣ ገበሬ ሆኛለሁ። አትሳቂ።

የዘጌ ልጅ ገበሬ ሆነ ሲባል ጎረቤት ምን እንደሚል አውቃለሁ። በእኛ አገር በበሬ ማረስ ውግዝ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሳናርስ እንድንበላም ቃል ኪዳን ተሰጠን ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ ይህን ቃል ኪዳን እጅግ አድርጌ እወደው ነበር። ቡና ልቀም ስትይኝ ብቻ ነበር የሚከፋኝ።

እዚህ ሲያትል ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ለነዋሪ ቁራሽ መሬት በትንሽ ኪራይ ይሰጣል። ፒ ፓች ይሉታል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ቦታው የፒካርዶ ቤተሰብ እርሻ ስለነበረ «ፒ» የምትለው ፊደል ከዚያ ቀረች። አሁን በከተማው ከ80 በላይ እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ተራዬ ሲደርስ ርስት የተመራሁ መስሎኝ ለወዳጅ ለዘመድ ደወልሁ። ሄጄ ሳየው 100 ካሬ ጫማ ነው፤ 9 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ያች የደጃፋችን ሎሚ ብቻዋን ከዚያ የሚበልጥ ጥላ አላት። ሕግም አለው። ኬሚካል መርጨት ክልክል ነው። በዓመት ደግሞ ቢያንስ 8 ሰዓት ለጋራው ቦታ መሥራት አለብን። ደቦ በይው፤ ጠላ የሌለው ደቦ።

ከጎኔ ያለውን መደብ የያዙት ከቬትናም የመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው። እንግሊዝኛቸው ሃያ ቃል አይሞላም። ከሃያው ውስጥ «ኖ» የምትለዋን የሚያወጧት ለእኔ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋን «ኖ» የሰማሁት በሚያዝያ ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ወፉም ተንጫጫ ብዬ ስድስት የቲማቲም ችግኝ ገዝቼ ተከልሁ። «ኖ» አሉኝ። ወደ ሰማይ ጠቆምሁ፤ ደመና የለም። እሳቸው ትከሻቸውን አቅፈው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ወባ የተነሣባቸው መስሎኝ ወንበር ፍለጋ ሮጥሁ። ለካስ «ሌሊቱ ይበርዳል» ማለታቸው ኖሯል! ቲማቲም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ እድገቱን ያቆማል፤ ውርጭ ካገኘው ደግሞ አለቀለት። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን በምን ይወቀው? በሦስተኛው ቀን ስድስቱም የፈላ ውሃ የተደፋባቸው መስለው ተኝተው አገኘኋቸው። አሮጊቷ የራሳቸውን የተከሉት ግንቦት ካለቀ በኋላ ነው። እኔም እንደገና ገዛሁ። (እታለም፣ ስንት እንዳወጣሁ ስትጠይቅሽ «አልጻፈውም» በያት።)

ሁለተኛዋ «ኖ» በጎመን መጣች። «የኢትዮጵያ ጎመን» ተብሎ በፓኬት የሚሸጥ ዘር አይቼ የአገሬ ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ዘሩን ጤፍ ሲዘራ እንዳየሁት በእፍኝ እያፈስሁ በተንሁት። እማዬ፣ ጎመን ሳይሆን ምንጣፍ በቀለ! እንዲያ ተጨናንቆ ስለማያድግ እየነቀሉ ማሳሳት፣ በአንዱና በአንዱ መካከል አንድ ክንድ የሚያህል መተው ያስፈልጋል። እኔ እያንዳንዷን ይቅርታ እየጠየቅሁ ስነቅል፣ አሮጊቷ የነቀልሁትን በቅርጫታቸው ለቅመው ለእራታቸው ሾርባ አደረጉት።

ከዚያ ሌባው መጣ። የእኛ ሌባ ጦጣ ነው፤ ቢያንስ ሲሰርቅሽ ዓይንሽን እያየ ነው። የዚህ አገሩ ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣ ስልሽ ግን ቤቱን በጀርባው የተሸከመው አይደለም። እዚህ የቤት ኪራይ ስለተወደደ መሰለኝ፣ ቤቱን ለቅቆ ራቁቱን የሚዞር ነው። በዙሪያው ጫካ ሙዝ የሚያህል ቢጫም አለ። ቀን ከእንጨት ሥር ተኝቶ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ቅጠሉን ወንፊት አድርጎት ያድራል። መድኃኒቱ ቢራ ነው ተባልሁ። በጎድጓዳ ሳህን ቢራ ትሞዪና ከንፈሩ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቀር አድርገሽ ትቀብሪዋለሽ፤ የእርሾው ሽታ ይጠራቸውና ገብተው ይሰምጣሉ። በማግሥቱ ጠዋት ብሄድ አሥራ አራቱ ሰክረው ሞተዋል። በጌሾ ገንዘብ ያሳደግሽው ልጅ በመጠጥ ነፍስ ማጥፋት ጀመረ ማለት ነው። ለንስሐ አባቴ ልንገራቸው አልንገራቸው ገና አልቆረጥሁም።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት ግን በሐምሌ ነው። ሲያትል በዝናቧ በመላው አሜሪካ የታወቀች ከተማ ናት። እኔም ሐምሌ ሲገባ «አሁንማ የእግዜር ውሃ መጣ» ብዬ የውሃውን ጎማ ጠቅልዬ ሰቀልሁ። ለካስ እዚህ ሐምሌ ማለት የእኛ የካቲት ነው! ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሲያለቅስ ይከርማል፤ በሐምሌ ጠብ የሚል ነገር የለም። ዝናብ ዝናብ የሚሉትም ድምሩ በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ወደ 1400 ታገኛለች፤ አብዛኛውንም በአራት ወር ጥላው ትጨርሳለች። የእኛ ዝናብ ዘንቦ ይለይለታል፤ የዚህኛው ክረምቱን ሙሉ እንደ ክፉ እዳ ጠያቂ ደጅ ላይ ይቆማል። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ጎመኑ አንገቱን ደፍቶ፣ አፈሩም ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ። አሮጊቷ «ኖ» እንኳ አላሉኝም። ጎማውን ከተሰቀለበት አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። እታለም፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ስታርባክስ የሚባለው ቡና ቤት በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እዚሁ ሲያትል ነው፤ ስለዚህ ከተማዋ ራሷን የቡና እናት አድርጋ ትቆጥራለች። አንድ ቀን ለቤት የሚሆን ተክል የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ስዞር፣ በትንሽ ማሰሮ የቆመች የምታብረቀርቅ ቅጠል ዓይኔን ያዘችው። ቡና ናት! አሥራ ስድስት ቅጠል አላት። የተለጠፈባት ወረቀት «ለጀማሪ ተስማሚ» ይላል። እማዬ፣ ለጀማሪ! ጀንፈል ላይ እየተንከባለልሁ ያደግሁ ሰው፣ ከደጃችን ብትሆን ረግጫት የማልፈውን አንዲት ፍሬ ቡና ቆሜ ከፍዬ ገዛሁ። ሻጭዋ ልጅ «ከዚህ በፊት ቡና ተክለው ያውቃሉ?» ስትለኝ «እኛ ቤት ራሱ ነው የሚበቅለው» አልኋት። ኮርቼ ነበር።

ወስጄ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አቆምኋት። በሳምንቷ ቅጠሏ ዳር ዳሩን ተቃጠለ። የተጠማች መስሎኝ ጠዋትም ማታም አጠጣኋት፤ ቢጫ ሆነች። ከአሥራ ስድስቱ ቅጠል አምስት ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ነው በእኩለ ሌሊት ደውዬ የቀሰቀስሁሽ። «ሰው ሞተ ወይ?» ብለሽ ስትጮሂ ትዝ ይልሻል? የሆነውን ስነግርሽ ስቀሽ ስቀሽ፣ «ልጄ፣ ቡና እንደ ሙሽራ ነው፤ ጥላ ያዝለት፤ እግሩንም ውሃ ላይ አታቁመው» አልሽኝ። መጋረጃ ጋረድሁላት። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ ደረቅ ሲሆን ብቻ ማጠጣት ጀመርሁ። ዛሬ ዘጠኝ ቅጠል አላት። ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ ውርጭ ስለሚገድላትም ከቤት አትወጣም። ሁለታችንም እዚህ ተከራይ ነን።

ያን ሌሊት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ራሱ ነው የሚበቅለው» ያልሁት ነገር ከነከነኝ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ካርቶን ሳነጥፍ ነው። እዚህ አገር አሁን ብዙ አትክልተኛ መሬት መቆፈር ትቷል። ሣሩ ላይ ካርቶን ያነጥፋሉ፤ ካርቶኑ ላይ ብስባሽ ይከምራሉ፤ በዚያ ላይ ይተክላሉ። ሣሩ ብርሃን አጥቶ ከሥር ይሞታል፤ ካርቶኑ ይበሰብሳል፤ ትሉ አፈሩን ያርሰዋል። በ1943 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ፎክነር የሚባል የኦሃዮ ሰው ማረሻን ከስሶ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ማረሻ አፈሩን እየገለበጠ ያደኸየዋል የሚል ነው። ይህን ስሰማ ብድግ ብዬ «የእኛ አቡን በብዙ መቶ ዓመት ቀድመውታል!» አልሁ። ያዳመጠኝ ባይኖርም ደስ አለኝ።

ግን ካርቶኑን አንጥፌ በላዩ የደረቀ ቅጠል ስበትን እጄን አየሁት፤ ያንቺን እጅ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለሽ የዋንዛውንና የብርብራውን ቅጠል እየሰበሰብሽ ከቡናው ግርጌ ስታለብሽው፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግቢ የምትጠርጊ ይመስለኝ ነበር። ብርብራው ላይ ወጥተሽ ቅርንጫፍ ስትመለምዪ ማገዶ የምትለቅሚ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጥላውን እየለካሽለት ነበር። እንግዳ በጀልባ መጥቶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም በጫካው ሲያልፍ «ቡናው እንዲሁ በራሱ ነው የሚበቅለው?» ሲለኝ «አዎ» እለው ነበር። ይቅር በይኝ። ቃል ኪዳኑ አትረሱ አለ እንጂ አትልፉ አላለም።

መከሩን ልንገርሽ። ከሁለተኛው ዙር ቲማቲም በጳጉሜን አንድ ቅርጫት ለቀምሁ። ጎመኑ ውሃ ካገኘ ወዲህ አልቻልሁትም፤ ከታች ከታች ስቆርጠው ከላይ ይጨምራል። ብርድ ሲመታው ደግሞ ይጣፍጣል አሉ፤ ቅጠሉ ከብርዱ ለመከላከል ስኳር ያጠራቅማልና። የመስቀል ዕለት የአገር ልጆች ቤቴ ተሰብስበው በሥጋው ፋንታ ጎመኑን ተሻሙበት። «ጎመን በጤና» ሲሉ የነበሩትም ሦስት ጊዜ አስጨመሩ።

ጤና አዳሙም ይዟል። ቡና በጀበና አፍልቼ፣ አንዲት ዘለላ ጣል አድርጌበት ለአሮጊቷ ወሰድሁላቸው። አሸተቱት፤ ቀመሱት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «ጉድ!» አሉ። በእንግሊዝኛ «ጥሩ ነው» ማለታቸው ነው፤ በአማርኛም ቢሆን አልተሳሳቱም።

እታለም፣ ይህ የአንቺ ነው። ባሕር ዳር በተከራየሽው ክፍል ደጃፍ መትከል እፈልጋለሁ ብለሽኝ ነበር። የአሮጌ ባልዲ ቂጥ ብሳሽ ጀምሪ፤ ቀዳዳ ከሌለው ክረምቱ ሥሩን ያበሰብሰዋል። አፈሩን ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዪ፤ ትኩስ ፍግ ያቃጥላል። በአንድ ጊዜ አሥር ዓይነት አትትከዪ፤ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይበቁሻል። ናና ካማረሽ ለብቻው በባልዲ አድርጊው፤ ሥሩ ጎረቤቱን ሁሉ ይወርሳል። ጤና አዳም ቆርጠሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ፀሐይ ላይ አትቀመጪ፤ ቆዳ ያቆስላል። ከሁሉም በላይ ሰማዩን አይተሽ ሳይሆን አፈሩን ዳብሰሽ አጠጪ። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ጎመን አስጠምቻለሁ።

እማዬ፣ የሎሚ ችግኝ በሰው እልክልሃለሁ ያልሽውን ተዪው። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ዘርም ሆነ ችግኝ አይገባም፤ ያ ምስኪን መንገደኛ በእኔ ጦስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይቀራል። የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። እታለም አንድ ቅዳሜ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ከጎንሽ ትዋል። ቅጠሉን በየትኛው ወር እንደምታለብሺ፣ ጥላውን ምን ያህል እንደምትመለምዪ፣ ያረጀውን ቡና ከየት ላይ እንደምትቆርጪ፣ ጦጣውንም በምን እንደምታባርሪ አንድ በአንድ ትጻፍልኝ። «ምን አለው፣ ራሱ ነው የሚበቅለው» እንዳትያት ብቻ። ከእንግዲህ አላምንሽም።

ናፋቂ ልጅሽ