ቁራጭ ፌሮ፤ መዶሻ በማይደርስበት ሥፍራ ስለሚሰጠው አገልግሎት የቀረበ ጥናት

የችግሩ መግለጫ

መዶሻ ምስማር ለመምታት ሁለት ቦታ ይፈልጋል፤ የሚያርፍበትና የሚወዛወዝበት። የመጀመሪያውን ምስማሩ ራሱ ያዘጋጃል። ሁለተኛውን የሚያዘጋጅ የለም። ኮርኒሱ ከግድግዳው በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ከጣሪያው ሥር ሞራሌ በሞራሌ ላይ በተነባበረበት ክፍተት፣ ቡፌው ከነብርጭቆው በተጠጋበት ጥግ፣ መዶሻው የመጀመሪያውን ምት ምስማሩ ላይ፣ ሁለተኛውን ግድግዳው ላይ፣ ሦስተኛውን አውራ ጣት ላይ ያሳርፋል። ስለ አራተኛው ምት የተመዘገበ መረጃ የለም፤ አናጢው በዚያ ሰዓት ከመሰላል ወርዶ መሬት መሬቱን እያየ ዕቃ ይፈልጋልና።

የሚፈልገው ዕቃ ቁራጭ ፌሮ ነው። አንዱ ጫፍ የምስማሩ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ጫፍ መዶሻው እንደ ልብ ወደሚፈነጭበት ገላጣ ቦታ ይወጣል፤ ይመታል፤ ምስማሩ ይገባል። የመሣሪያው ታሪክ ከዚህ አይረዝምም፤ ይህ ጥናት ግን ይረዝማል።

መዶሻ ክብሩን አግኝቷል። በ1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ሲመሠረት ከማጭድ ጋር ተጣምሮ አርማው ላይ ወጥቷል፤ በፊልም ውስጥ ፍርድ ቤቱን ጸጥ ያሰኛል። ቁራጭ ፌሮ ግን ማዕዘን ውስጥ ሲሠራ ኖሮ በየትኛውም አርማ ላይ አልወጣም፤ በየትኛውም የአናጢ ሣጥን ውስጥ ቋሚ ቦታ የለውም። የጥናቱ ዓላማ ይህን ክፍተት መሙላት ነው።

የጥናቱ አካባቢ

ጥናቱ የሚያተኩረው አዳማ ላይና በስምጥ ሸለቆ መስመር ባሉት በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ላይ ነው። አዳማ ለማዕከልነት የተመረጠችው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ነፋስ ነው። በ2004 ዓ.ም. በተመረቀው የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34፣ በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖች ተተክለዋል። የሁለቱ አቅም 51 እና 153፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ነፋስ በሰነድ የሚለካው በሜጋ ዋት ነው፤ ነዋሪው ግን የሚለካው በቆርቆሮ ነው። ነፋስ ጣሪያን የሚያጠቃው ከጠርዙ ነው፤ ከክፈፉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከላይ ያለፈውም ይስበዋል። ስለዚህ ምስማር መጨመር የሚያስፈልገው ነፋሱ ጣሪያውን በሚገለብጥበትና መዶሻ በማይገባበት ሥፍራ ነው፤ ሁለቱም አንድ ሥፍራ ናቸው። ተርባይኖቹ ከነፋሱ መብራት ያወጣሉ፤ ቤቶቹ ከዚያው ነፋስ የቁራጭ ፌሮ ፍላጎት ያመነጫሉ። የሁለተኛው ምርት እስካሁን ከብሔራዊ ቋት ጋር አልተገናኘም።

ሁለተኛው ምክንያት ስሟ ነው። ከተማዋ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ነበር፤ የገሊላዋ ናዝሬት ደግሞ የጸራቢው የዮሴፍ ከተማ ናት። በ1992 ዓ.ም. ወደ አዳማነት ተመልሳለች። አናጢዎቹ ግን የስም ለውጡ በሥራቸው ላይ ያመጣውን ልዩነት ሲጠየቁ መልስ የሰጡት አፋቸው ውስጥ ምስማር ይዘው ስለነበር መልሱ አልተሰማም።

ታሪካዊ ዳራ

አካባቢው በመምታት ሥራ ጀማሪ አይደለም። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። ከአዳማ ሽቅብ፣ በአዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ ከባልጭት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በባቱ አቅራቢያ በገደሞታ ከተገኙት የባልጩት ጦር ጫፎች መካከል ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አሉ። እነዚህ ሁሉ ድንጋይን በድንጋይ በቀጥታ መምታትን ያሳያሉ።

ትልቁ እርምጃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ድንጋይ ጠራቢዎች በመቺውና በተመቺው ድንጋይ መካከል የቀንድ ወይም የአጥንት ቁራጭ ማስገባት ጀመሩ፤ ምቱም በትክክል በተፈለገው ነጥብ ላይ አረፈ። በሰው ልጅ ታሪክ አማላጅ በሁለት ወገኖች መካከል ገብቶ ነገሩን ያሳመረበት ቀደምት አጋጣሚ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቁራጭ ፌሮ የዚያ ቀንድ ቀጥተኛ ወራሽ ነው፤ ልዩነቱ ቀንዱ ዛሬ በሙዚየም በመስታወት ውስጥ መቀመጡ፣ ወራሹ ግን ከኮርኒስ በላይ ተረስቶ መቅረቱ ነው።

አወቃቀርና አሠራር

ፌሮ በበርጋ ይሸጣል፤ አንድ በርጋ 12 ሜትር ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ለሥራው የሚመረጠው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ስለሆነ ክብደቱ ወደ 266 ግራም ይሆናል፤ ከአንድ በርጋ 40 መሣሪያ ይወጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሲል በርጋ የገዛ ሰው የለም። ባለ 8ቱ ይጎብጣል፤ ባለ 16ቱ ከምስማሩ ራስ አልፎ ጣውላውን ይፈነክታል። በዚህ ረገድ ባለ 12ቱ የመካከለኛውን መንገድ ይከተላል።

በፌሮው ላይ ያሉት ሽንትሮች የተሠሩት ኮንክሪት እንዲጨብጣቸው ነው፤ እዚህ ግን የሚጨብጣቸው ላብ ያረጠበው መዳፍ ነው። ምቱ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሚጓዝ 30 ሴንቲ ሜትሩን ለመጨረስ ከሰከንድ አሥር ሺኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ከላይ የተላለፈ መልእክት በዚህ ፍጥነትና በዚህ ታማኝነት ታች የሚደርስበት ሌላ መዋቅር በአገራችን አልተገኘም። መዋቅሩ የሚፈርሰው ፌሮው ከምስማሩ ጋር ቀጥ ካላለ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ምቱ ወደ ጎን ያመልጥና መመሪያው ታች ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይዞ ይገኛል።

መሣሪያው ሦስተኛ አካል አለው፤ ያዡ። ያዡ ዘወትር ረዳት ነው። በሥራው ላይ የሚደረገው ምልልስ ከከተማ ከተማ እምብዛም አይለያይም፦

«ቀጥ አርገህ ያዝ እንጂ!»

«ይዣለሁ ጋሼ።»

«ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትይዘው?»

«እርስዎ ስለጨፈኑ ነው ጋሼ።»

በጊዜ ብዛት የተመታው ጫፍ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ጠርዙም ተሰንጥቆ ሊፈናጠር ይችላል። ስለዚህ የዘመቱ ቁራጮች ጫፋቸው መሞረድ ወይም እነሱው መጣል ይገባቸዋል። ዓይን መጨፈን እንደ መከላከያ ሲወሰድ ቢታይም ለምስማሩ አቅጣጫ አልበጀም።

የማይደረስባቸው ሥፍራዎች ምደባ

አንደኛ፣ በቅርጽ የማይደረስባቸው። ማዕዘን፣ የክፈፍ ሥር፣ የጣሪያ ውስጥ። እነዚህ ችግራቸው ግልጽ ነው፤ ቦታው ጠቧል፤ ጥናቱም አያተኩርባቸውም።

ሁለተኛ፣ በዕቃ የማይደረስባቸው። ቡፌ ያለበት ግድግዳ ዋናው ምሳሌ ነው። ቡፌውን ለማንሣት ብርጭቆው፣ የቡና ሲኒው፣ ለእንግዳ ተብሎ እንግዳ ያልቀረበበት ሳሕን፣ የልጁ የምረቃ ፎቶ በየተራ መውጣት አለባቸው፤ እመቤቲቱ ደግሞ «ቡፌው አይነቃነቅም» ብለዋል። አናጢው የመጨረሻውን ሐረግ እንደ ምሕንድስና መረጃ ተቀብሎ ፌሮውን ከቡፌው ጀርባ በአግድም ይሰዳል።

ሦስተኛ፣ በሕግ የማይደረስባቸው። የኪራይ ቤት ግድግዳ በስፋቱ ሁሉ ገላጣ ነው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ መዶሻ ይወዛወዝበታል። ነገር ግን አከራይዋ ቁልፍ ሲያስረክቡ «ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም» ብለዋል። በመሆኑም ከምድቦቹ ሁሉ የማይደረስበት ይህ ነው። ተከራዩ የፌሮውን ላይኛ ጫፍ በጨርቅ ይጠቀልላል፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ስለዚህ ጥንቁቅ ተከራይ ጨርቁን ትቶ በጊዜ ይጠቀማል፦ አዳማ የጅቡቲ መስመር ላይ ናት፤ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር አንድ ጊዜ ይመታል።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው ልጄ?»

«ተሳቢ ነው እትዬ።»

በዚህ ዘዴ አንድ ምስማር ለማስገባት የሚፈጀው ጊዜ በወደቡ እንቅስቃሴ ይወሰናል። የገቢና የወጪ ንግድ በግለሰብ ኑሮ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለሚያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህ መስክ ክፍት ነው።

ተፎካካሪ መሣሪያዎች

የካቻቢቴ ጀርባ፦ መያዣው ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ካቻቢቴም ምስማርም የለውም። ትልቅ ምስማር፦ እሾህን በእሾህ በሚለው መርሕ ትንሹን ለማስገባት ይውላል፤ ውጤቱ አጥጋቢ ነው፤ ችግሩ ትልቁን ምስማር ማን ይመታዋል የሚለው ነው። ዘነዘና፦ ክብደቱ ተስማሚ፣ ርዝመቱ ተስማሚ፤ ከማድ ቤት ለማውጣት የሚያስፈልገው ፈቃድ ግን እስካሁን ለማንም አልተሰጠም።

በውጭ አገር መዳፍ ላይ የሚያዝ፣ በአየር ግፊት ምስማሩን ደጋግሞ የሚኮረኩም መሣሪያ አለ። የሚሠራው በኮምፕረሰር ነው። በእኛ ሰፈር ኮምፕረሰር ያለው ጎሚስታው ዘንድ ስለሆነ ጣሪያው ወደ ጎሚስታው መሄድ ይኖርበታል። እዚያው ውጭ አገር ማግኔት ያለበት ቱቦና በውስጡ የሚንሸራተት ዘንግም ይሸጣል። የዚህ አቻ በእጃችን አለ፦ ባለ ግማሽ ኢንች የውኃ ቱቦ ቁራጭ፣ በውስጡ የሚገባ ፌሮ። ምስማሩ ቱቦው ውስጥ ስለሚቆም አይዘምም። ወደ ላይ ሲመታ ግን ይወድቃል። ለዚህ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይረዳል፤ ማስቲካም ይረዳል። ማስቲካው ይመረጣል፤ ረዳቱ አፍ ውስጥ ስለሚገኝና ረዳቱንም ዝም ስለሚያሰኝ።

የሕይወት ዑደት

ቁራጭ ፌሮ የሚወለደው ፌራዮው በርጋውን በልኩ ቆርጦ ትርፉን ሲጥል ነው። አናጢው ያነሣዋል፤ ይገለገልበታል፤ ሥራው ሲያልቅ ከኮርኒስ በላይ ይረሳዋል። በማግሥቱ ፈልጎ ያጣዋል፤ ሌላ ያነሣል። ያልተረሳው ቁራጭ የበር መወርወሪያ፣ የፍየል ማሰሪያ ችካል፣ የምድጃ መቆስቆሻ ሆኖ ጡረታውን ይጀምራል።

ብቸኛ ጠላቱ ቁራሌው ነው። «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ በሰፈሩ በተሰማ ቁጥር የአካባቢው ክምችት ይቀንሳል። ጠላትነቱ ግን ከላይ ሲታይ ነው። ቁራሌው የሰበሰበው ውዳቂ ብረት ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ቀልጦ እንደገና 12 ሜትር በርጋ ይሆናል፤ ፌራዮው ይቆርጠዋል፤ ትርፉ ይወድቃል። በዚህ ዑደት ውስጥ ዋጋ የሚጠየቅበት ደረጃ ብዙ ነው፤ አናጢው ያለበት ደረጃ ግን በነጻ ነው።

የጥናቱ ውስንነት

እንደማንኛውም ጥናት የጊዜና የበጀት እጥረት ነበር። ከዚህ በተጨማሪ ለናሙና የተሰበሰቡት ቁራጮች «አንዴ ላምጣው» ተብለው ተወስደዋል። የወሰዷቸው ሁሉ እንደሚመልሱ ቃል ገብተዋል።

ምክረ ሐሳብ

ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት መሣሪያው በመንግሥት ግዥ እንዲካተት፣ ደረጃ እንዲወጣለት፣ ሥልጠና እንዲሰጥበት የሚጠይቅ መደምደሚያ ይጠበቃል። ተመራማሪው ይህን አጥንቶታል። ቁራጭ ፌሮ በግዥ ቢገባ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰብለታል፤ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ንብረት ክፍሉ ቁጥር ጽፎበት መጋዘን ይቆልፍበታል። አናጢው ማዕዘኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ እጁ ምስማሩን እንደያዘ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንዲሆንለት ያመለክታል። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሥልጠናው አበል አለው፤ ስለዚህ የሚሠለጥኑት ምስማር የማይመቱ ይሆናሉ። ደረጃ ሲወጣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይደረጋል፤ የቡፌው ስፋት ግን ከዚያ በላይ ነው።

መሣሪያው እስከ ዛሬ በብቃት የሠራው ባለቤት፣ ተጠሪና በጀት ስለሌለው ነው፤ ባስፈለገ ሰዓት መሬት ላይ አለ፤ ባላስፈለገ ሰዓት ማንንም አያስጨንቅም። በመሆኑም ጥናቱ የሚያቀርበው አንድ የፖሊሲ ሐሳብ ብቻ ነው፦ ቁራጭ ፌሮ በሚመለከተው አካል ትኩረት እንዳይሰጠው። ለዚሁ ሲባል የዚህ ጥናት ግልባጭ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት አልተላከም።