ነፋስ በነጻ፣ መብራት በዱቤ

ሶባ ነፋስ አልቸገራትም። ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ተቀምጣ፣ ሀቡብ የሚሉትን የአቧራ ግድግዳ በየክረምቱ ትቀበላለች። ሀቡብ ጨረታ አያወጣም፤ ብድር አይፈርምም፤ ድጎማም ጠይቆ አያውቅም። በተዘጋ መስኮት ገብቶ ሰፌዱን፣ ጀበናውን፣ የተጎዘጎዘውን ፍራሽ ሁሉ አፈር ያለብሳል። አምፖል ላይ ሲደርስ ግን እንደ ሹመኛ ቃል ነው፤ ይነፍሳል እንጂ አያበራም።

ለማብራት ገንዘብ ያሻል። በእኛዋ ኢትዮጵያ፣ መቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት 84 ተርባይኖች 210 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በልተዋል። ነፋሱ የእኛ፣ ዩሮው የፈረንሳይ አበዳሪዎች። መንግሥታችንም ደግ ነውና ታሪፉን ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ እስከ 2011 ዓ.ም. ቆየ። ሕዝቡ «ርካሽ መብራት» እያለ አመሰገነ፤ ዕዳው ደግሞ ጓዳ ተቀምጦ ወለደ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. እንደገና ብቅ ሲል፣ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ይዞ ነው።

ካርቱም እንደኛ ትዕግሥት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ2021 መባቻ ድጎማውን ስትቀንስ፣ የመብራት ዋጋ በአንድ ጀንበር በብዙ እጥፍ ተተኮሰ።

ድጎማ ሒሳቡን አይሰርዝም፤ ከፋዩን ይሰውራል፤ ቀኑንም ያዘገያል። እናም አንባቢ ሆይ፣ «ነፋስ ነጻ ነው» ሲሉህ እሺ በል፤ ግን የብድሩን ውል አሳዩኝ በላቸው።