ስቱኮ ይለምልም

ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስን ሲሠራ በብረት ላይ መሰሰቱ አይካድም። የበሩ ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የጃፓን ስስት ያረሙት የአዲስ አበባ ጋራዦች ናቸው፤ ዛሬ አንዳንዱ ዲኤክስ ጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያክል ስቱኮ ለብሶ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ አምሮበት ይታያል። ከ30 ዓመት በላይ ተነድቶ ኪሎ የሚጨምር መኪና ሌላ አገር ይኑር አይኑር እንጃ።

የድሮዎቹ ባትላሜራዎች ምን ነክቷቸው እንደነበር አይገባኝም። የተጋጨ ፓራፋንጎ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ከመኪናው ይፈቱታል። ከውስጥ ብረት ደግፈው፣ ከላይ በመዶሻ ቀስ እያሉ፣ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ እንደገና እየመቱ ላሜራውን ወደ ቦታው ይመልሱታል። የዛገውን ቆርጠው አውጥተው አዲስ ላሜራ ይበይዳሉ፤ ፀረ ዝገት ይቀባሉ። ስቱኮ የሚነኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም የመዶሻው ዱካ እንዳይታይ ያህል በስሱ። ለአንድ ፓራፋንጎ ይህን ሁሉ! ሥራ የፈቱ ሰዎች ነበሩ።

የዛሬው ባለሙያ ከዚህ ልፋት ገላግሎናል። ዝገት የበላውን የበር ሥር ቀዳዳ ሲያሳዩት አይደነግጥም፤ አሮጌ ጋዜጣ ጨምድዶ ይጎሰጉስበታል። (አንባቢ አጣን የሚሉ አዘጋጆች ሥራቸው የት እንደደረሰ ቢያዩ ይጽናኑ ነበር።) ከዚያ የካርቶን ቁራጭ ላይ ስቱኮውን ከማድረቂያው ጋር ያሽና ጎጆ እንደሚመርግ ሰው ይለጥፈዋል። እስኪደርቅ ሻይ ይጠጣል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ቀለም ነፍቶ፣ ማታ ቁልፉን ሲያስረክብዎ በመኪናዎ ጎን እያዩ ጢምዎን መላጨት ይችላሉ። ዝገቱስ? ዝገቱ እዚያው ከጋዜጣው ጋር ነው፤ ከገዛ ቤቱ ማን ያፈናቅለዋል!

ለጥበቡ ማበብ መንግሥትም ድርሻ አለው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። አሮጌው መኪና በዚህ መሀል ቅርስ ሆነ። ቅርስ ደግሞ ይታደሳል እንጂ አይጠየቅም።

ደላላው ቅርሱን ሲያስጎበኝ «ግጭት የማያውቅ»፣ «በፋብሪካ ቀለሙ ያለ»፣ «ዶክተር የያዘው» ይላል። አንዳንድ ባለጌ ገዢ ግን ማግኔት በመሐረብ ጠቅልሎ ይመጣል። ኮፈኑ ላይ ሲያስጠጋው ጥብቅ ይላል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ተንሸራቶ መሬት ይወድቃል። ደላላው በሐዘኔታ ያየዋል።

«ወንድሜ፣ መኪና ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ብረት?»

ማግኔት የሌለው ጨዋ ገዢ የተጠየቀውን ከፍሎ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ በሩ ሥር ቀለሙ ቡግር ያወጣል። መስከረም ላይ ስቱኮው በእጅ ሲነኩት ተገንጥሎ ይወድቅና ከኋላው የዓምና ዜና ብቅ ይላል። ሰውዬው በንዴት ወደ ጋራዡ ይበራል፤ ባለሙያው ግን ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አይቶ፣ ጥፋቱን ወዲያው ያገኘዋል።

«ስቱኮው ሳስቶበት ነው» ይላል፤ ካርቶኑንም ይፈልጋል።