ያገለገለ ዕቃ

ያገለገለ ዕቃ አይናቅም፤ አገልግሏላ! ችግሩ፣ ማንን እንዳገለገለ ሻጩ አለመናገሩ ነው።

ሰሞኑን ሞተር ሳይክሌ ዳገት ላይ እየለገመ ቢያስቸግረኝ ሰቆጣ ገበያ ወጣሁ። አዲስ ዕቃ ከኪሴ በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ታጥቦ በጆንያ የመጣው አሮጌ ዕቃ ላይ ከሻጩ ፊት ቁጢጥ አልኩ። ሁሉም ያብረቀርቃል።

«ይሄ እንዴት ነው?»

«ተገምግሞ ያለፈ ነው።»

«ማን ገመገመው?»

«አብረውት የመጡት።»

ይዤው የሄድኩት ሽማግሌ መካኒክ ሳቀ። «ልጄ፣ የዋግ ሰው ሳይፈትን መግዛት አያውቅም ነበር» አለኝ። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚዞርበት ዘመን፣ ጠርዙ የተሸረፈው እንደ ሙሉው አይቆጠርም ነበር። ማርም ቢሆን አዋቂ ገዢ ከላይ ቀምሶ አይከፍልም፤ እንጨቱን እስከ ታች ይሰዳል። ከላይ ማር፣ ከታች ሌላ የሆነ ስንት አለ!

ትምህርቱን ከቀለም ጀመረ። አሮጌ ብረት አዲስ ቀለም ከለበሰ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ብየዳ፣ ከብየዳው ሥር ስብራት አይጠፋም። የቡሎኑንም ጭንቅላት እይ፤ ማዕዘኑ ከተላጠ ዕቃው ስንቴ እንደተፈታ ይመሰክራል። «አንዱ ሞተር ላይ አልሠራም ሲሉት ወደ ሌላው ያዛውሩታል። እሱ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ሞተሩ ነው።»

ሰንሰለቱን ከኋላ ጥርሱ ላይ እንደተጠመጠመ ወደ ኋላ ሳበው። የጥርሱ ግማሽ ብቅ ካለ ተለጥጧል። የጥርሱም ጫፍ እንደ ማጭድ ከታጠፈ ሁለቱም አብረው ይጣላሉ። «አዲሱ አሮጌውን ያቃናል ብለህ እንዳትሞኝ። አሮጌው ነው አዲሱን በራሱ ልክ የሚያስረጀው።»

ካንዴላ ቃሉ የጣልያን ነው፤ ሻማ ማለት ነው፤ የሻማ ነገር ደግሞ ከሰሙ ነው። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ነጭ ከሆነ ከልክ በላይ ይግላል። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ከአየሩ ቤንዚኑ በዝቶበታል። በዘይት ከራሰ ግን የፒስተኑ ቀለበት አልቆ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ጭሱም ሰማያዊ ይሆናል። ሻጩ ጭሱን የሥራ ብዛት ነው ይልሃል።

ካርቡራተርም እንደ ክራር ይቃኛል። ተከዜ ቆላ ላይ የተቃኘው ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው ሰቆጣ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ያለበትን አገር አየር ትቶ በመጣበት ልክ ሲተነፍስ ነው። እንደገና ቢቃኝ ይሠራል፤ «አይነካም፣ ከላይ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» ካሉህ ግን ተወው።

ከጆንያው ፍሬን ያለቀበት፣ ፍሪሲዮኑ የተቃጠለ፣ ወደ ግራ ፍሬቻ ስታበራው ቀኙ የሚበራ አየሁ። የማይጮህ ክላክስ ግን አንድም አላገኘሁም።

«ለዚህ ሁሉ ዋስትናው?» አልኩት ሻጩን።

«ቃል ኪዳን እገባልሃለሁ!»

በዚች ከተማ ስም በ2007 ዓ.ም. የተገባ ቃል ኪዳን አለ፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቀረት። ቃል ኪዳን ቀጠሮ እንዳለው ሰቆጣ ከዚያ ስለምታውቅ፣ ሽማግሌው «እንግዲያው ቀኑን ጻፍልን» አለው። ሻጩ እስክሪብቶ አጣ።

በመጨረሻ መሪው ቀረበልኝ። ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ መሪው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። «ይሄ ወይ ወድቋል፣ ወይ ሰው ጥሏል» አለ ሽማግሌው።

«ይለመዳል» አለ ሻጩ።

እውነቱን ነው፤ ይለመዳል። ስንቱ በጠማማ መሪ ክንዱን አጣሞ ቀጥ ያለ መንገድ ይሄዳል!

ልንነሳ ስንል ሽማግሌው እጁን እስከ ጆንያው ሥር ሰደደና ግራሶው ያልተጠረገ፣ ቀለም ነክቶት የማያውቅ አንድ ኩሽኔታ አወጣ። በጣቱ አሾረው። ዝም ብሎ ይዞራል፤ ድምፅ የለውም። «ያገለገለስ ይሄ ነው» አለኝ። ሻጩ እዚያ መኖሩንም አላወቀም ነበር፤ ዋጋ እንኳ አላሰበለትም።

ሽማግሌው ወደ ጋራዡ ስንመለስ፣ ያንን ዘይት በሊታ ሞተር እያስታወሰ እንዲህ ያንጎራጉር ነበር፦

ስንት ዘመን ሙሉ እያገለገለ፣
ዘይቱን ጨረሰና አልጠገብኩም አለ።