ዳንቴል የለበሰ ራውተር

ቅዳሜ ማታ፣ 89ኛው ደቂቃ፣ ሁለት ለሁለት። አጥቂዬ ከበረኛው ጋር ለብቻው ተፋጧል። አውራ ጣቴን መምቻዋ ላይ አሳረፍኩ። አጥቂዬ ግን ቆመ። ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። በረኛውም ቆመ፣ ኳሷም ቆመች፤ ስልኬ ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ብቻ ቀልታ 912 አለች። ዓለም እንደገና ሲንቀሳቀስ ኳሷ እኔ መረብ ውስጥ ነበረች፤ ያ የማላውቀው ሰው ቡድን ደግሞ ኮርነር ባንዲራው ሥር ይጨፍራል።

42 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ያነሳሁት የእህቴ ልጅ ስላነሳው ነው። «ጋሼ፣ ላግ ያደረገው ኔቱ ነው ወይስ አንተ?» አለኝ።

ያቺ የቀላች ቁጥር፣ ፒንግ የሚሏት፣ ጣቴ ያዘዘው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ናት፤ በሚሊሰከንድ ትቆጠራለች። እንደኛ ሩቅ ላለ ሰው ከዚህ በታች አይሸጥም የምትባል ዋጋ አላት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ እዚያ ነው ብንል ብርሃን ሳያርፍ ሮጦ እንኳ ደርሶ መልሱ 50 ሚሊሰከንድ ይበላዋል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደብ ይወርዳል፣ ባሕር ይገባል፣ ይዞራል። ስለዚህ 140 ስትለኝ አልቀየማትም። ሁልጊዜ 140 ከሆነች ትንሽ ቀደም ብዬ እመታለሁ፣ አለቀ። የሚያንገበግበኝ 140፣ 140፣ 140 እያለች አዘናግታ 912 ስትል ነው። ሁልጊዜ የሚያረፍድ ጓደኛ ቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀደም ተደርጎ ይነገረዋል። አንዳንዴ ብቻ የሚያረፍደውን ምን ታደርገዋለህ?

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ የተመታች መርከብ መልሕቅ ሳይጎትታቸው አልቀረም ተብሎ ነበር። እኔ ያንን መልሕቅ ለወራት በላሁበት። በተሸነፍኩ ቁጥር «መልሕቁ ነው» እል ነበር። አሁን መልሕቅ የለኝም፤ ያለኝ ምጣድ ነው።

የምጣዱን ነገር ላስረዳ። የምኖረው ሰርቪስ ቤት ነው። ራውተሩ ያለው ዋናው ቤት፣ በአከራዬ በእማማ ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ነው። በእሱና በእኔ መካከል ሁለት ግድግዳና አንድ ማድ ቤት አለ። ማድ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል፤ ሲሰካ የእኔ አምፖል ይደበዝዛል። አምፖሌ ከደከመ ራውተሩ የማይደክምበት ምክንያት ምንድን ነው? ደብተር ገዛሁ። «ማክሰኞ 1፡40፣ ምጣድ ተሰካ፣ ፒንግ 610።» «አርብ 1፡15፣ ምጣድ፣ 780።» ከሰዓት በኋላ አብሲት ሲጣድ ካየሁ ማታ ቁም ነገር ያለው ግጥሚያ አልጀምርም። ሌላው ሰው ደመና አይቶ ጃንጥላ ይይዛል፤ እኔ ብረት ድስት አይቼ ስልኬን እዘጋለሁ።

በነገራችን ላይ የእማማ እንጀራ ዓይኑ ለጉድ ነው። ምርመራዬን የሰማ የለም ብዬ ማድ ቤቱ በር ላይ ደብተር ይዤ ስንጎራደድ፣ እሳቸው የራበኝ መስሏቸው የመጀመሪያዋን ትኩስ እንጀራ አዋዜ ቀብተው ያጎርሱኛል። «ብላ ልጄ፣ ከስተሃል።» ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብተሬ ውስጥ የምጣድ ቀናት በዝተው የፒንግ ቁጥሮች እየሳሱ መጡ። መርማሪው በተጠርጣሪው እጅ መጉረስ ሲጀምር ምርመራ የለም።

ምጣዱን ከክስ ነጻ ያወጣው የእህቴ ልጅ ነው። የራውተሩን አዳፕተር ገልብጦ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገና ደቃቋን ጽሑፍ አነበበልኝ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት። መብራቱ ደከመ በረታ አዳፕተሩ ጉዳዩም አይደለም። «5 ጊጋኸርዙ ላይ ግባ» አለኝ ቀጥሎ። ገባሁ። ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይፈራል፤ እኔ ክፍል ሲደርስ ነፍሱ ወጥታለች። 2.4ቱ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን የሰፈሩ ሁሉ ራውተር እዚያው ላይ ይንጫጫል። ዳንቴሉንም እንዳይሞቀው ብዬ አነሳሁት። እማማ መለሱት። «አቧራ ይገባበታል።» አነሳሁት። መለሱት።

በመጨረሻ ኢንተርኔቱን ለሚያቀርበው ድርጅት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት፤ «አጥፍተው ያብሩት» አለች። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ደህና ሆነ። ማታ ተመልሶ ታመመ። ባለሙያ የመጣ ቀን ደግሞ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ሕጻን ጤና ጣቢያ ሲደርስ ለነርሷ እንደሚስቅላት፣ ራውተሩ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ጠበቀው። ባለሙያው ፍጥነቱን ለካ። የከፈልነው ለ10 ሜጋ፣ መለኪያው ያሳየው 9.8። «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ።

እዚህ ላይ አልቀልድም። ይህች ቃል ታንገሸግሸኛለች። ቧንቧው ሰፊ መሆኑ ውሃው በሰዓቱ ለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ባለሙያ ሆኖ ይህ ይጠፋዋል አልልም። ባንክ ስትሄድ «ሲስተም የለም»፣ ውሃ ሲጠፋ «መስመሩ ደህና ነው»፣ መብራት ሲሄድ «እኛ ጋ አልተመዘገበም»። ማንም አልበደለም፣ እኔ ግን ተበድያለሁ! ይባስ ብሎ «ሲስተም የለም» ሲሉን ማናችንም መቼ ይመጣል ብለን አንጮህም፤ ወረፋችንን ጠብቀን ወንበር እንፈልጋለን። እኔም ያው ወንበር እፈልጋለሁ፤ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

ለነገሩ ባለሙያው ምን ያድርግ። መሰላል ተሸክሞ የመጣው በእግሩ ነው። እማማ ትኩስ እንጀራ በአዋዜ አጎረሱት።

የእህቴ ልጅ ደብተሬን ገልብጦ ሌላ ነገር አየ። ላጉ የሚብሰው ማታ ከ2፡00 እስከ 2፡40 ነው። እማማ ልጅ አሏቸው፣ ቨርጂኒያ፤ የምሳ ሰዓቷ ላይ በቪዲዮ ትደውላለች። እንደ እሱ አባባል ጌም የሚልከው ዳታ አንድ ፖስታ የያዘ ሰው ነው፤ ፖስታው ቀላል ነው፣ ግን ከፊቱ ጤፍ በኩንታል የሚያስጭኑ ሰዎች ተሰልፈዋል። ቪዲዮው ኩንታሉ ነው። እኔ 89ኛው ደቂቃ ላይ ፖስታዬን ይዤ ወረፋ እጠብቃለሁ።

ልነግራቸው ወጣሁ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ግን አላሰብኩበትም። ስገባ ስልካቸውን ራውተሩ ላይ አስደግፈው፣ ዳንቴሉን እንደ ትራስ አድርገውለት ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ልጅቷ ሳንድዊቿን አፏ ጋ አድርሳ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይታወቅም።

«መጣህልኝ» አሉ። «በየማታው እንዲህ ትቆምብኛለች። ያ የኳስ ጨዋታህ ይሆን እንዴ የሚስበው?»

«ኧረ ከእኔ በኩል ችግር የለም እማማ» አልኩ።

ከመርካቶ 30 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ገዝቻለሁ፤ ከዋናው ቤት ዘርግቼ እኔ ክፍል ሁለተኛ ራውተር ልሰካ። እስካሁን ግቢውን ብቻ ነው ያቋረጠው፤ ጫፉ አልተሰካም። ትናንት ጠዋት ስወጣ ሁለት ነጠላና አንድ አንሶላ ተሰጥተውበታል። እንዲደርቁ እየጠበቅኩ ነው።