ጽዋ በቴሌግራም

የዳንግላና የእንጅባራ ማኅበርተኞች እንኳን ደስ አላችሁ! ጽዋ ማኅበራችን ቴሌግራም ገብቷል። ከእንግዲህ በየወሩ በባለተራው ቤት መሰብሰብ፣ ጠላ መጥመቅ፣ በጭቃ መንገድ መንገላታት ቀረ። ባለተራዋ የዳቦውን ፎቶ ትለጥፋለች፤ እኛም «አሜን» ብለን እንጽፋለን። ማንም አልጠገበም፤ ማንም ግን አልቀረም።

ፍቅራችንም ጨምሯል። የታመመ ወንድም ካለ የሚጸልዩ እጆች ምስል ይላክለታል፤ ላኪው አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ቢሆንም። ድሮ ተቀያይሞ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለነበር ካህኑና ሽማግሌው ሲያስታርቁ ያመሹ ነበር። ዛሬ የተቀየሙትን ሰው ድምፅ መዝጋት ይበቃል፤ እርቁ አንድ ሰከንድ አይፈጅም፣ ይቅርታ የሚባል ጣጣም የለውም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብቻ ትንሽ ተቸገርን። ማኅበርተኛው በሙሉ በአንድ ቀን ጠፋ። ደንባችን «የቀረ ይቀጣል» ስለሚል ሁላችንም ተቀጣን። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔትም በ*127# ይሠራልና የቅጣቱ ገንዘብ ሳይጓደል ገባ። ጸሎቱ ግን ኔትወርክ እስኪመለስ ይጠብቅ ተባለ።

ለማንኛውም፣ የዚህ ወር ባለተራ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። በሩን ለማንኳኳት ካርድ መሙላት አያስፈልግም።