የረሃብ አንድምታ

ጥር ላይ የአምባ ጊዮርጊስ ቁር አጥንት ይሰብራል። መሸት ሲል ጋቢ ደርቦ ሻይ ቤት መግባት፣ ብርጭቆውን በመዳፍ አቅፎ ዜና ማየት የወገራ ሰው ልማድ ነው። ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደዚያው ተቀምጠን ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትራችን ሮም ላይ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የአግሪኮላ ሜዳሊያ ሲቀበሉ አየን። በስንዴ ራስን ለመቻል ላደረጉት ጥረት የተሰጠ ክብር ነው ተባለ። አጨበጨብኩ። በሩ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አላጨበጨቡም። በሁለት እጃቸው ገመድ ይዘዋል፤ የገመዱ ጫፍ ደጅ ከቆመ በሬ ቀንድ ላይ ታስሯል። ከጃናሞራ ተነስተው፣ ደባርቅና ዳባትን አልፈው፣ ለሽያጭ ወደ ጎንደር እየነዱት ነው።

«አያ፣ ምነው አላጨበጨቡም?» አልኳቸው።

«በምን እጄ?»

«ገመዱን ይልቀቁታ! የት ይሄዳል?»

«ልጄ፣ ገመዱን የያዝኩት እንዳይሄድብኝ መሰለህ? እንዳይወድቅብኝ ነው።»

የአገር እድገት የማይገባው ሰው እንዲህ ነው። ሮም ላይ ሜዳሊያ እየተንጠለጠለ እርሳቸው በሬ ያንጠለጥላሉ!

ጎንደር የትርጓሜ አገር እንደሆነች ማንም ያውቃል። ሊቃውንቱ አንዷን ቃል ይይዙና «አንድም» እያሉ ምስጢሯን ሲያወጡላት ይውላሉ። ተማሪው ኮቸሮ እየቆረጠመ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ እየለመነ ዓመታት ይፈጅበታል። (በ2016 በጃናሞራና በበየዳ የሚለመንበት ደጅ ራሱ ለማኝ ስለነበር ተማሪው ምን እንደዋጠው እንጃ።) እኔ ግን ከጉባኤ ቤቱ የሚበልጥ ሊቅ ቢሮ ውስጥ አግኝቻለሁ። የመንግሥት መግለጫ ጸሐፊ ይባላል። ረሃብን እንዲህ ይተረጉማታል፦

ረሃብ ማለት፣ አንድም የዝናብ መዛባት ነው። አንድም የምግብ ዋስትና ክፍተት ነው። አንድም ወቅታዊ ተግዳሮት ነው። አንድም ጉዳዩን ለፖለቲካ ትርፍ ሊጠቀሙበት የሚሹ አካላት ወሬ ነው። ረሃብ ማለት ረሃብ ነው የሚል ቢገኝ ግን እርሱ መናፍቅ ነው።

ከሜዳሊያው ሁለት ቀን በኋላ እንዲህ ያለ መናፍቅ ብቅ አለ። ከየትም አልመጣም፤ ከራሱ ከመንግሥት ቤት ነው። የእንባ ጠባቂ ተቋም 372 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ፤ 351 በትግራይ፣ 21 በአማራ ክልል። ስሙ እንባ ጠባቂ ነው፤ ጠብቅ የተባለውን እንባ እሱ ቁጭ ብሎ ቆጠረው! ደግነቱ በሳምንቱ፣ ጥር 28 ቀን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ነገሩን አቃኑት፤ በረሃብ የሞተ ሰው የለም፣ ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞተ ግን ሊኖር ይችላል።

ይህን የመሰለ የሕክምና ግኝት የት ይገኛል? እውነትም ሰው በረሃብ አይሞትም፤ የሚሞተው ልቡ ስትቆም ነው። ከሊማሊሞ አፋፍ ቁልቁል የወረደውንም ሰው የገደለው ገደሉ አይደለም፤ ከሥር ያገኘው ድንጋይ ነው። ገደሉ ከነገሩ ጋር «ተያያዥ» ቢሆን ነው። ተያያዥ ደግሞ አይከሰስም፣ አይጠየቅም፣ ከወንበሩ አይነሳም። እንግዲህ የኛዎቹ 21 ሰዎች ትንሽ ታግሰው፣ ወባ ወይም ተቅማጥ እስኪይዛቸው ጠብቀው ቢሞቱ ኖሮ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልመጣ ነበር።

የተራበ ሰው ሥነ ሥርዓት አያውቅም ስል በዓይኔ አይቼ ነው። አንድ ጊዜ፣ ቀበሌውን አልጠራውም፣ ለመስክ ምልከታ የመጡ ባለሥልጣናት ዱቄት ሲያድሉ ደርሼ ነበር። ሦስት ላንድክሩዘር፣ አንድ ባነር፣ አንድ ካሜራ። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ፀሐይ ሲመታው ውሏል። አንዲት አሮጊት የመጀመሪያውን ከረጢት ተቀበሉ። ካሜራ የያዘው ልጅ አልቀረፀም ኖሮ ከረጢቱን መልሰው እንዲሰጡና እንደገና እንዲቀበሉ ተደረገ። ሁለተኛውም ሳይሆን ቀረ፤ ባነሩ ታጥፎ ነበር። በሦስተኛው ልጁ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ፈገግ ይበሉልኝ» አላቸው። አሮጊቷም ከረጢቱን በሁለት ክንዳቸው ጭምቅ አድርገው «ፈገግ ካልኩማ ጠግባለች ብላችሁ ትወስዱብኛላችሁ» አሉ። ማታ ዜናው ላይ ድምፃቸው አልነበረም፤ ሙዚቃ ገብቶበታል።

ይህም ዱቄቱ የተገኘ ዕለት ነው። ሰኔ 2015 ላይ ዩኤስኤይድና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህሉ ለተረጂው አልደረሰም ብለው በመላ አገሪቱ እርዳታቸውን አቆሙ። ተሰረቀ ማለት ነውር ስለሆነ ፈረንጆቹም በቋንቋቸው አቅጣጫ ሳተ አሉ፤ ለካ አንድምታ እነሱም ቤት አለ! ምን ያድርግ ስንዴው፣ የበረሃውና የገደሉ መንገድ ጠፍቶት ነጋዴ ወፍጮ ቤት ገብቶ ተገኘ። መንገዱን ያሳሳተው ሰው እስኪታወቅ ድረስ የተቀጣው የተራበው ነው። ለወራት።

ታሪካችንን ያየ ሰው ይህ ጥበብ ትናንት እንዳልተጀመረ ይረዳል። በ1965 የወሎ ሕዝብ ሲረግፍ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን በጨዋ ደንብ ደበቀው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም አንስቶ አጋለጠ። ደርግ ያንን ፊልም በ1967 እንቁጣጣሽ ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየቆራረጠ በቴሌቪዥን አሳየን፤ በማግስቱም ጃንሆይን በቮልስዋገን አሳፍሮ ወሰዳቸው። ተጠያቂነት ማለት ይህ ነው ብለን እልል አልን። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 1977፣ ያንኑ ፊልም የቆራረጡት ሰዎች የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሪባን ይቆርጡ ነበር። ኮረም ሜዳ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ተነጥፏል። ይህንንም ያወጣልን በወሩ የመጣ የቢቢሲ ካሜራ ነው። የረሃባችንን ዜና ከውጭ የማስመጣት ልማድ አለን፤ ስንዴው ብቻ መሰላችሁ?

መሥሪያ ቤቱንም ተመልከቱት። በ1966 ሲቋቋም ስሙ ዕርዳታ ማስተባበሪያ ነበር፤ ዕርዳታ ካለ የተራበ አለ ያሰኛልና ኋላ አደጋ መከላከልና ዝግጁነት ተባለ። አደጋ ማለትም ደረሰ ያሰኛል። አሁን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ከዕርዳታ ወደ አደጋ፣ ከአደጋ ወደ ስጋት፤ አሥርት ዓመታት የፈጀ እድገት ነው። ቀጥሎ የመልካም አጋጣሚ ሥራ አመራር ኮሚሽን እንደሚሆን እጠብቃለሁ።

አሜሪካኖችም ይሞክራሉ፤ ጽናት ግን ይጎድላቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲያወድም ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሄደው ለተጎጂው ሕዝብ የወረቀት ፎጣ ወረወሩለት። የሟቹም ቁጥር 64 ነው ተብሎ ለወራት ጸና። እሰይ ስንል ዩኒቨርሲቲ አስጠንተው በዓመቱ 2,975 ነው ብለው አመኑ! ካትሪና በ2005 እ.ኤ.አ. ኒው ኦርሊንስን ስታጥለቀልቅም ፕሬዚዳንት ቡሽ የአደጋ መሥሪያ ቤቱን ሹም ማይክል ብራውንን ጎበዝ ብለው በአደባባይ አሞገሱት፤ ሰውየው በአሥረኛው ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። አሥር ቀን! እኛ ዘንድ በአሥር ቀን አጣሪ ኮሚቴው እንኳ አበሉን ተስማምቶ አይጨርስም።

አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ አፄ ምኒልክን ያነሳብኛል። በክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ ሲጠፋ ንጉሡ ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይላል። እውነት ነው። ግን ምን ያድርጉ፣ በዘመናቸው ረሃብ የለም ብሎ የሚነግራቸው የኮሙኒኬሽን ቢሮ አልነበረም።

የቅርቡም ያው ነው። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ሰው ሲቀብር፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ መግለጫ ማዘጋጀት ሲገባው ከመምህራኑ፣ ከጤናና ከግብርና ባለሙያዎቹ ጋር የተቀበረውን ሊያወጣ ሮጠ። መሬቱ እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ እሱም አብሮ። በዚህ ሁሉ ጽሑፍ መሐል በሥልጣኑ ምክንያት ከሕዝቡ ጋር የሞተ ሹም ፈልጌ ያገኘሁት እሱን ነው። ላንድክሩዘርም አልነበረውም።

የሽማግሌው በሬ ጎንደር አልደረሰም። ከእኛ ዘንድ በነጋታው ተነስቶ ኮሶዬ ላይ ተኛ፤ በዚያው ቀረ። አንድም ደክሞት ነው።